ካስማ ሳይመታ ይቆማል ወይ?

«ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ እስካለው ጨነቅ፣ ስመለስ ደግሞ ወደ ጎርጎራ ወርጄ በሳይክል ልዞር ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ድንኳን ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አንዱ 1.1 ኪሎ፣ የአንድ ሰው፣ በእግረኛ ምርኩዝ የሚቆም፤ ሌላው 2.3 ኪሎ፣ የሁለት ሰው፣ የራሱ ዘንግ ያለው። ዳገቱን ሳስበው ቀላሉን ልል ነው፤ ጋሼ ምን ይመክሩኛል?» ብለሃል።

«ጋሼ»ን ተቀብያለሁ፤ ፎቶዬ ላይ ያለው መላጣ ሳያሳስትህ አልቀረም። ድንኳኑን ግን ከባዱን አስመጣ። ለምን እንደምል ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ የተከራከሩት ስለ ኪሎ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ከወለቃ ተነስቶ ኮሶዬን ለሚወጣ እግር መቶ ግራምም ትታወቀዋለች። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1.2 ኪሎ ነው፣ ከአንድ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደግሞም የረሳኸው ነገር አለ። በምርኩዝ የሚቆም ድንኳን የተሠራው ለእግረኛ ነው፤ እግረኛው ምርኩዙን ቀን ይደገፈዋል፣ ማታ ምሰሶ ያደርገዋል። አንተ ምርኩዝ ይዘህ ሳይክል አትነዳም። ለድንኳኑ ብቻ ብለህ ምሰሶ ልትሸከም ነው ማለት ነው፤ ያኔ ቀላል ያልከው ነገር ያን ያህል ቀላል አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ መሬቱ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታየው ድንኳን ሁሌም ለስላሳ ሣር ላይ ነው የተተከለው። እኛ አገር በሳይክል የሚዞር ሰው ግን ሜዳ ላይ ብቻውን አያድርም፣ ማደርም የለበትም። ሲመሽበት ወይ ገበሬ ግቢ ይጠይቃል፣ ወይ ትምህርት ቤት፣ ወይ የአንዷን ምግብ ቤት ጓሮ። ከብት ሲረግጠው የከረመ ግቢ በበጋ ሲሚንቶ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በረንዳ ደግሞ የእውነት ሲሚንቶ ነው። የወገራን መሬት ካየኸው፣ ካስማው ሁለት ጣት ያህል ይገባና «ጥግ» ብሎ ድንጋይ ያገኛል። ሌላ ቦታ ትሞክራለህ፣ «ጥግ»። ሦስተኛው ላይ ካስማው ይጣመማል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ጊዜ እንዳንተ ዓይነቱን ቀላል ድንኳን ተውሼ ወደ ደባርቅ ስወጣ ዳባት ሳልደርስ መሸብኝ፣ ሰማዩም ጠቆረ። አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛው አዝኖልኝ በረንዳ ፈቀደልኝ። ካስማ የሚባል ነገር የማይታሰብ ነበር። አንዱን አውታር ከሳይክሉ ፔዳል ጋር አሰርኩ፣ ሁለተኛውን ከበረንዳው ምሰሶ፣ ሦስተኛውን ከተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ አራተኛውን ዘበኛው ባዋሰኝ ውሃ የሞላ ጀሪካን ላይ። በጣም ኮራሁ፣ ፎቶም አነሳሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲመጣ ጀሪካኑ እየተንሸራተተ ሄደ፣ ምርኩዙ ወደቀ፣ ሙሉው ጨርቅ ፊቴ ላይ። መውጫ ዚፑን በጨለማ ስዳብስ ዘበኛው በባትሪ አብርቶብኝ «ምነው ልጄ፣ ቤትህ ፈረሰ?» አለኝ። የቀረውን ሌሊት የሱ ጎጆ ውስጥ እሳት እየሞቅን አነጋነው።

ስለዚህ ጥያቄህ «ስንት ኪሎ?» ሳይሆን «አንድም ካስማ ሳይመታ ይቆማል ወይ?» ይሁን። እዚህ ላይ ሻጮች ይሸውዳሉ። «ራሱን ችሎ ይቆማል» የሚባሉት ሁሉ እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚገዛው የኔቸርሃይክ ክላውድ አፕ አንድ የ«ዋይ» ቅርጽ ያለው ዘንግ ነው ያለው፤ በራስጌ በኩል ጥሩ ይቆማል፣ በግርጌ በኩል ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ግን በካስማ ካልተወጠሩ ጨርቁ እግርህ ላይ ይተኛል። መጥፎ ድንኳን ነው እያልኩህ አይደለም፤ ማዕዘኖቹን ከድንጋይ ወይም ከዕቃ ቦርሳህ ጋር ማሰር ትችላለህ። ብቻ አውቀህ ግዛ። ዘንጎቹ ተሻግረው አራቱንም ማዕዘን የሚይዙ ከሆነ ግን በረንዳ ላይም ቋጥኝ ላይም ይቆማል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ዘመድህ ሳሎኑ ወለል ላይ ያለ ካስማ ይትከለውና ከነቅርጹ በአንድ እጁ አንስቶ ቪዲዮ ይላክልህ። ይህን ማድረግ ካቃተው አያምጣው።

ካስማውን አትጠቀምም ማለቴ እንዳልሆነ ይግባህ። ራሱን የቻለ ድንኳን ባዶውን ከቆመ ንፋስ እንደ ፊኛ ይዞት ይሄዳል። የእድር ድንኳን እየተከልን ላደግን ሰዎች ይሄ አዲስ አይደለም፤ ካስማውን ወደ ውጭ አጋድመህ ትመታለህ፣ አውታሩን ትወጥራለህ፣ ካስማ እምቢ ባለበት ትልቅ ድንጋይ ታስራለህ።

ስለ ዘንጉ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አሉሚኒየም ይሁን። የመጀመሪያዬ ድንኳን ፋይበርግላስ ነበረ፤ ገበያ ላይ በርካሽ ያገኘሁት። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ የሰኔ ማታ በረዶ ወረደብኝ፤ የሽምብራ ሳይሆን የባቄላ የሚያህል። ዘንጉ ስንጥቅ ብሎ ተሰበረ፣ ስባሪው የላይኛውን ጨርቅ ቀደደው፣ ስንጥሩ ደግሞ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ሳምንት ከረመ። አሉሚኒየም ሲበዛበት ይታጠፋል እንጂ እንደዚያ አይሰነጠቅም፤ ቢሰበርም ከድንኳኑ ጋር የምትመጣውን አጭር ቱቦ ስብራቱ ላይ አጥልቀህ ጫፍና ጫፉን ታስራለህ። ቱቦዋ ከሌለች ካስማ ደግፈህ በከመነዳሪ ቁራጭ ጠምጥመው፣ እስከ ከተማ ያደርስሃል። ከመነዳሪ ቁራጭ ይዞ የማይሄድ ሳይክለኛ መቼም አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ዘንጉ ታጥፎ ስንት ሳንቲሜትር እንደሚሆን ጠይቅ። ይሄንን ማንም አይጠይቅም። አብዛኛው ከ45 እስከ 50 ሳንቲሜትር ነው። መሪህ ወደ ታች የታጠፈ የእሽቅድድም ዓይነት ከሆነ በፍሬን መያዣዎቹ መካከል አይገባልህም፤ ቀጥ ያለ የተራራ ሳይክል መሪ ከሆነ ችግር የለም። አሁን ለሳይክል ተብለው 30 ሳንቲሜትር አካባቢ የሚታጠፉ ዘንጎች ያሏቸው አሉ፣ ዋጋቸው ግን ላንተና ለኔ አይደለም። ደግሞ ማን ነው ድንኳን በአንድ ከረጢት ይታሰር ያለው? እኔ ዘንጉን ለብቻ ጠቅልዬ የኋላ መጫኛው ላይ በረጅሙ አስረዋለሁ፣ ጨርቁን የጎን ቦርሳ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። የረጠበውን የላይኛውን ጨርቅ ግን ውጭ፣ ቦርሳው ላይ። ከደረቅ ልብስ ጋር አስገብተኸው እንደሆነ ማታ ታለቅሳለህ።

አሁን ማንም የማይነግርህ ነገር። እኛ አገር ድንኳን ማለት ለቅሶ ነው፣ ካልሆነም ሠርግ። አንድ ጊዜ ማክሰኝትን አልፌ ከመንገድ ዳር ካለ ቤት ባለቤቱን አስፈቅጄ ግቢው ውስጥ ድንኳኔን ጣልኩ። ብዙም አልቆየ፣ አንዲት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸው ጥቁር ብሎ ከች አሉ። «ማን ነው የሞተው?» እኔ መሆኔን፣ ያውም በሕይወት ያለሁ መሆኔን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፤ «ቤት እያለ እንግዳ ደጅ ላይ ያድራል እንዴ!» ብለው ባለቤቱን። በስንት ልመና ነው ድንኳኔ ውስጥ እንዳድር የተፈቀደልኝ፣ እሱም እራት በልቼ። እስከዚያው የመንደሩ ልጅ በሙሉ ዙሪያዬን ከቦ ዚፑን ሲከፍትና ሲዘጋ አመሸ።

ይህን የማወራህ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የውስጠኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ መረብ የሆነ ድንኳን ለሞቃትና ሰው ለማያይህ ቦታ ነው። እዚህ ጠዋት የላይኛውን ጨርቅ ለማድረቅ ስታነሳው፣ መረብ ውስጥ ሱሪህን ስትለብስ አርባ ዓይን ያይሃል። አቧራውም ይገባል፣ የደጋው ንፋስም በመረብ በኩል እንደ ልቡ ይመላለሳል። ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው ጨርቅ የሆነ፣ ከላይ በኩል ብቻ መረብ ያለው ፈልግ። ቆላ ብትወርድ፣ መተማ መንገድ ለምሳሌ፣ ያኔ መረቡን ትመኘዋለህ፤ ያንተ መንገድ ግን አብዛኛው ደጋ ነው።

ብርዱን በተመለከተ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ጨነቅ 3,600 አካባቢ። በየሺው ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል ብለህ አስላ፤ ጎንደር ላይ ጋቢ ያስለበሰህ ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የድንኳኑ ውስጥ ገጽ ላይ በረዶ ሠርቶ አግኝቼዋለሁ፤ ስትነካው እንደ ጨው ይረግፍብሃል። ያ ውሃ ከየት መጣ ብለህ እንዳትደነግጥ፣ የራስህ ትንፋሽ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የላይኛው ጨርቅ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽህ እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ድርብ ያለው ድንኳን ያዝ፣ ጤዛው በውጭኛው ላይ ቀርቶ የሚያገኝህ የውስጡ ደረቅ ጨርቅ እንዲሆን። ብርድ ነው ብለህም የአየር መውጫዎቹን አትድፈናቸው። ድንኳን ከንፋስ ይጋርድሃል እንጂ አያሞቅህም፤ የሚያሞቅህ ስሊፒንግ ባጉና ከሥርህ ያለው ፍራሽ ነው። በድንኳኑ ላይ ያዳንከውን ብር እዚያ ላይ አውለው። ምድጃ ደግሞ ውስጥ አታብራ፤ ከሰል ጭስ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ታውቃለህ፣ የጋዝ ምድጃም ድንኳን ውስጥ ያው ነው።

ዝናብ። የጨርቁ ውሃ የመቋቋም ቁጥር በሚሊሜትር ይጻፋል፤ 1,500 ማለት ጨርቁ ላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት ነው ማንጠብጠብ የሚጀምረው። ለጣሪያ ይበቃል። ወለሉ ላይ ግን ጉልበትህ ስለሚጫነው 3,000 ቢሆን ደስ ይለኛል። ጨርቁ ናይለን ከሆነ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ከመተኛትህ በፊት ወጥተህ አውታሩን እንደገና ወጥረው፤ ፖሊስተር ይህ ጣጣ የለበትም። ከሥር ላስቲክ የምታነጥፍ ከሆነ ከድንኳኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ እጠፈው። ወጥቶ ከታየ ዝናቡን ሰብስቦ ሥርህ ያስገባዋል፣ ገንዳ ላይ ተኛህ ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልሂድ ካልከኝ ግን መልሴ ስለ ድንኳን አይሆንም፣ ቤትህ ቁጭ በል ነው።

አንድ ስህተቴን ልጨምርልህ። ከአንድ የክረምት ጉዞ ተመልሼ ድንኳኔን እርጥቡን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። መስከረም ላይ ስከፍተው ውስጡ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ሽታው የታመመ ሕፃን ያስመለሰው። የውስጡ ቅብ በእርጥበት ተበላሽቶ ነው፤ ያ ከሆነ በኋላ መድኃኒት የለውም። ከጉዞ ስትመለስ ከምንም በፊት ድንኳኑን ገመድ ላይ ስቀል፣ ጥላ ሥር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መተው ሌላው ገዳዩ ነው፣ የከፍታ ፀሐይ ጨርቁን ያሳሳዋል።

የሁለት ሰው መሆኑም ብቻህን ብትሄድ አይክፋህ። አራት የዕቃ ቦርሳ አለህ፣ ውጭ አይቀሩም። በተለይ የቆዳ ነገር፣ ጫማም ይሁን የቆዳ ኮርቻ፣ ውጭ አትተው። የአያ ጅቦን ፍላጎት አስረዳህ አልልም። ሳይክሉን ከድንኳኑ ጎን አጋድሜ፣ ቁልፉን ቆልፌ፣ ቀጭን ገመድ ከጎማው ወደ ውስጥ አስገብቼ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቆርቆሮ ላይ አስሬ ነው የምተኛው። እስካሁን ያስነሳችኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ፍየል ነበረች።

ጨነቅን በተመለከተ ደግሞ፣ ፓርኩ ውስጥ ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ፣ ሳትይዝ አትገባም። እሱ በእግሩ ነው፣ አንተ በጎማ፤ እንዴት አብራችሁ እንደምትሄዱ ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ሳትጀምር ተነጋገር። የመንገዱን ሰላምም በየቀኑ ጠይቅ፣ ከኔ የከረመ ወሬ አትያዝ። ዘመድህ ከቀረ ደባርቅ ላይ ድንኳን የሚያከራዩ አሉ፤ ከመውሰድህ በፊት እዚያው ተክለህ ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈትና ዝጋ። መጀመሪያ የሚሞተው ዚፑ ነው። ጥርሱ እየያዘ ካልዘጋልህ ተንሸራታቿን በፒንሳ ግራና ቀኝ ቀስ አድርገህ ጨመቅ አድርጋት፣ ትመለሳለች።

ከድንኳኑ ጋር የሚመጡት ካስማዎች ቀጫጭን ሽቦ ከሆኑ እዚያው ተዋቸው። እኔ ጋ ብረት ቤት ያሠራኋቸው ስምንት ወፋፍራም አሉ፣ ትንሽ ይከብዳሉ እንጂ የወገራን ድንጋይ አይፈሩም። አዘዞ ነኝ፣ ከመነሳትህ በፊት ባለው ቅዳሜ ደውልልኝና ና ውሰዳቸው፤ ስትመለስ ስምንቱንም ቆጥሬ ነው የምረከብህ።