«ፍራንቼስኮ ኑሎ»ን ያጠፋት ማን ነው?

«ኑሎ የምትባለውን የጣልያን ዲስትሮየር ያሰጠማት የእንግሊዝ መርከብ ነው ወይስ አውሮፕላን? ሁለቱም ተጽፎ አየሁ» ላልከው ወንድማችን፦ ሁለቱም እጃቸው አለበት፤ ድርሻቸው ግን እኩል አይደለም። ውጊያውን የጨረሰችው የእንግሊዟ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) «ኪምበርሊ» ናት፤ አውሮፕላኖቹ የደበደቡት ስብርባሪዋን ነው።

ጊዜው ጥቅምት 10 ለ11 ሌሊት 1933 ዓ.ም. ነው፤ የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ኦክቶበር 20 እና 21 ቀን 1940 ብለህ ፈልገው። አራቱ የጣልያን ዲስትሮየሮች «ፓንቴራ»፣ «ሊዮኔ»፣ «ሳውሮ» እና «ኑሎ» 32 የንግድ መርከቦች ያሉበትን ቢኤን 7 የተሰኘ ቅፍለት (በጦር መርከቦች የታጀበ ጉዞ) ሊመቱ ከምጽዋ ወጡ። የስዊዝ ቦይ በእንግሊዞች እጅ ስለነበር ምጽዋ ያለው ነዳጅና መለዋወጫ ካለቀ ምትክ አልነበረውም። የተኮሱት ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) አንዱም ዒላማውን አልመታም፤ ቅፍለቱን ያጀበችው የኒውዚላንዷ ክሩዘር (ከዲስትሮየር የምትተልቅ የጦር መርከብ) «ሊያንደር» ስትተኩስባቸው ወደ ምጽዋ ማፈግፈግ ጀመሩ።

በእኔ እይታ የ«ኑሎ» ዕጣ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። አቅጣጫ የምትቀይርበት መሪዋ ተቆለፈና ለደቂቃዎች እዚያው ዞረች፤ ሌሎቹ ጥለዋት ሄዱ። በእንዲህ ያለ የሌሊት ፍልሚያ ዲስትሮየርን የሚያድናት ፍጥነቷና ጓዶቿ ናቸው፤ «ኑሎ» ሁለቱንም በአንዴ አጣች። ንጋት ላይ «ኪምበርሊ» ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ሐርሚል አጠገብ ደረሰችባት። በፈረንጅ 1925 ውኃ ላይ የወረደችው «ኑሎ» አራት ባለ120 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሯት፤ በፈረንጅ 1939 የወረደችው «ኪምበርሊ» ደግሞ በዚያው መጠን ስድስት። «ኑሎ» ተመትታ ወደ ደሴቷ ዳርቻ ተጠጋች፤ «ኪምበርሊ» ቶርፔዶ ጨመረችላት። የ«ኑሎ» አዛዥ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ መርከቧን አልለቅም ብሎ ሞተ፤ መርከበኛው ቪንቼንሶ ቻራቮሎም አብሮት። ሁለቱም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ብዙ ጽሑፍ የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ሐርሚል ላይ የተተከሉት የጣልያን መድፎች «ኪምበርሊ»ን ሞተር ክፍሏ ላይ መቱ፤ የእንፋሎት ቧንቧዋ ተበጥሶ ባሕር ላይ ቆመች። «ሊያንደር» ደርሳ እስከ ፖርት ሱዳን ጎተተቻት። ብሌንሃይም የተባሉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መጥተው የ«ኑሎ»ን ቅሪት የደበደቡት ከዚያ በኋላ ነው።

የእሷ ዓይነት የሆነችውን «ሳውሮ»ን ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅላት። እሷን በእርግጥም አውሮፕላን ነው ያሰጠማት፦ መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ፖርት ሱዳን ስታመራ፣ ከእንግሊዟ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ኢግል» ወርደው ፖርት ሱዳን የሰፈሩ ሶርድፊሽ የተባሉ አውሮፕላኖች።