ጥቅሌን የሚበላው የትኛው ብሮውዘር ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ስልኬ ላይ የድረ ገጽ መክፈቻው (ብሮውዘሩ) ክሮም ነበር። ፔዳ ግቢ የሚማረው ልጄ መጥቶ ኦፔራ ሚኒ ጫነልኝ። ጓደኛው ደግሞ «ፋየርፎክስ ይሻላል» አለኝ። እኔ የማየው ዜና፣ የምግብ አሠራርና መዝሙር ነው። የሳምንት ጥቅል ገዝቼ በሦስት ቀን ያልቃል። ሌሊት ደግሞ «ስልክዎ ቫይረስ ገብቶበታል» እያለ ይጮህብኛል። ስልኩን ሠራተኛዬም ጎረቤትም ይነካካዋል። የቱን ልያዝ፣ የቱን ላጥፋ? (ከፋሲሎ)

መልስ፦ እትዬ፣ ከጩኸቱ ልጀምር። እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው።

እኔ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ቀይ ምልክት በቀይ ምልክት ላይ ተደርድሯል። «አሁኑኑ ያጽዱ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «3 ቫይረስ ተገኘ»። ቫይረስ ግን አልነበረም። አንድ ቀን የሆነ ገጽ ከፍተው «ማሳወቂያ ይላክልዎ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ከፊታቸው ገለል እንዲል ብለው «ፍቀድ» የሚለውን ነክተዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። የፈቀዱለት ገጽ ነው ቀን ከሌት የሚልከው።

የእርስዎም ይኸው ይመስለኛል። ክሮም ውስጥ ሦስቱን ነጥብ ይንኩ፣ ከዚያ ቅንብሮች፣ የጣቢያ ቅንብሮች፣ ማሳወቂያዎች። የፈቀዱላቸው ገጾች እዚያ ተዘርዝረው ያገኟቸዋል። የማያውቁትን ሁሉ ያግዱ። ማስጠንቀቂያውን ራሱን ግን እንዳይነኩት፣ አደራ። ሌላ ነገር ሊያስጭንዎ ነው የሚፈልገው።

ወደ ጥቅሉ ስንመጣ፣ ብሮውዘር ከመቀየርዎ በፊት በላተኛውን ይለዩት። የስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ይክፈቱና የዳታ አጠቃቀምን ይዩ። የትኛው መተግበሪያ ስንት ሜጋ እንደበላ በተራ ተጽፏል። እኔ ሱቅ የሚመጡት ስልኮች ላይ ከላይ የማየው ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው፤ ብሮውዘሩ ከታች ነው። መዝሙሩን የሚሰሙት በዩቲዩብ ከሆነ ጥራቱን ወደ 144 ያውርዱት። ለጆሮ ብዙም አይጎድልበትም። ቴሌግራም ላይም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት። ይህን ብቻ አድርገው አንድ ሳምንት ይዩት።

አሁን ወደ ሦስቱ። ኦፔራ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ሁሉ ሲለቀቅ በባለ ቁልፍ ቀፎ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር። ምስጢሩ ምን መሰለዎ? ገጹ በቀጥታ ወደ እርስዎ አይመጣም። መጀመሪያ ኦፔራ ኮምፒውተሮች ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ይጨመቃል፣ ሥዕሉ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይላካል። ዓሣውን እዚያው አጽድቶ፣ አንጀቱንና ጭንቅላቱን ጥሎ ሥጋውን ብቻ የሚያመጣ ደንበኛ እንዳለዎ ይቁጠሩት። ሸክሙ ይቀላል። ግን መሐል ላይ የሌላ እጅ ነክቶታል። ስለዚህ ለዜናና ለምግብ አሠራር ግሩም ነው። የዳታ ቁጠባ ቅንብሩ ከፍተኛው ላይ እያለ ግን የይለፍ ቃል አይጻፉበት። ባንክ ደግሞ በባንኩ በራሱ መተግበሪያ ይሁን። አንዳንድ ፎርምም ሲጨመቅ ይበላሻል።

«ክሮምም እኮ ዳታ መቆጠቢያ አለው» የሚልዎ ካለ፣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2022 ተነስቷል። ያም ሆኖ ፎርም ለመሙላትና ውጤት ለማየት እኔ የምከፍተው እሱን ነው፤ ገጹ እንደተሠራው ይመጣልኛል። የማይክሮሶፍቱ ኤጅም፣ አዲሱ ኦፔራም፣ የሳምሰንግ ብሮውዘርም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ያ ሥር ክሮሚየም ይባላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዘዋወሩ ያን ያህል ለውጥ አያዩም።

ፋየርፎክስ ከሌላ ቤት ነው። ባለቤቱ ሞዚላ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። የልጅዎ ጓደኛ የወደደው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አንድሮይድ ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ ተጨማሪ (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) ይቀበላል፤ ክሮም በስልክ ላይ ይህን አይቀበልም። ማስታወቂያው ሲቀር የእሱ ሥዕልም ቪዲዮም አይወርድም፣ ጥቅልም ይተርፋል። «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚባለውን ልጅዎ ይጫንልዎ።

ስልኩን ጎረቤት ይነካካዋል ያሉት ነገር ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ሱቅ ከከፈትኩ ብዙም ሳይቆይ ነው። አንዲት ልጅ ለሥራ ማመልከቻ ኢሜይሏን በሱቁ ኮምፒውተር ስከፍትላት ብሮውዘሩ «የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። በማግስቱ አንድ ወጣት የራሱን ሊከፍት ሲቀመጥ የእሷ ደብዳቤዎች ፊቱ ተዘረገፉ። ወዲያው ዘጋሁት፤ ደውዬም ይቅርታ ጠየቅኳት። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ነገር የምከፍተው በድብቁ መስኮት ብቻ ነው። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥብ ሲነኩ ያገኙታል፤ ኮፍያና መነጽር ምልክቱ ነው። ሲዘጉት ስልኩ ላይ ታሪክም የይለፍ ቃልም አይቀርም። ከቴሌ ወይም ከገጹ ባለቤት ይሰውረኛል ብለው ግን አያስቡ። የሚሰውርዎ ስልኩን ከሚነካካው ሰው ነው።

እንግዲህ ክሮምን አያጥፉት፤ ብዙ ስልክ ላይ ቢፈልጉም አይጠፋም። ኦፔራ ሚኒን ለንባብ ያቆዩት። ስልኩ ላይ ለሦስተኛ የሚሆን ቦታ ካለዎ ፋየርፎክስን ይሞክሩ፤ ስልኩ ከሞላ ግን ሁለቱ ይበቁዎታል። ልጅዎ ዋይፋይ ወዳለበት ሲሄድ ስልኩን ይስጡትና ሁሉንም ከፕሌይ ስቶር ያድስልዎ። ያን ዕለት የማሳወቂያውን ዝርዝርም አብራችሁ እዩት፤ አዲስ ስም ገብቶ ከሆነ እሱንም አግዱት።