«እናቴን ሮምን ላሳይ ብዬ ቤቴ ተበጠበጠ»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። የጻፈልኝ የ46 ዓመት አባወራ ነው። እናቱን ካያት 9 ዓመት ሆኖት ነበር። ወደ አሜሪካ ልትመጣ ሁለት ጊዜ ሞክራ ቪዛ ተከለከለች። ሮም የምትኖረው እህቱ ግን ግብዣ ላከችላትና የሸንገን ቪዛ አገኘች። ነሐሴ 4 እናት ከአዲስ አበባ፣ ልጅ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከዋሽንግተን ሮም ላይ ተገናኙ።

የነበራቸው ጊዜ ስድስት ቀን ነው። እሱ ስድስቱንም ቀን በሰዓት ከፋፍሎ ኤክሴል ላይ አስቀምጦታል። ኮሎሲየም፣ የቫቲካን ሙዚየም፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ፓንቴዮን... ዝርዝሩ ይቀጥላል። በአራተኛው ቀን የስፔን ደረጃዎች የሚባሉት ላይ እናቱ ጉልበቷን ይዛ ቁጭ አለች። እዚያ ደረጃ ላይ መቀመጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። ፖሊስ ፊሽካ ነፋባት። ልጇም ሰው ሁሉ እያየ «እማዬ! እዚህ አይቀመጥም፣ ተነሺ!» ብሎ ጮኸባት። ይሄኔ የ15 ዓመት ልጁ በእንግሊዝኛ እሱ ላይ ጮኸችበት። ሚስቱ ቃል ሳትተነፍስ የአማቷን እጅ ይዛ ታክሲ ውስጥ ገባች።

ከተመለሱ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ልጁ አኩርፋዋለች። ሚስቱ የምታናግረው ስለ ቤት ኪራይና ስለ አስቤዛ ብቻ ነው። እናቱ ደግሞ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ ልጄ፣ ብዙ አሳየኸኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ጥያቄው ይኼ ነው፦ «ለራሴ ካልሲ እንኳን ሳልገዛ ያን ሁሉ ብር አወጣሁ። እንዴት ነው ጥፋተኛው እኔ የሆንኩት?»

ወንድሜ፣ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ደብዳቤህ ሲያናድደኝም ሲያሳዝነኝም ስለነበር «እርስዎ» ማለቱ አልመጣልኝም።

መጀመሪያ ከእናትህ ምስጋና ልጀምር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስትልህ ለምን እንደሚከብድህ አልገባህም። እኔ እንደሚመስለኝ ጆሮህ በትክክል ሰምቷል። እናት ልጇን «ተባረክ» ነው የምትለው። «እደግልኝ» ነው የምትለው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንግዳ ሰው ቤት በልቶ ሲወጣ የሚል ምስጋና ነው። እናትህ ሮም ላይ እንግዳህ ነበረች፤ በደንብ የተስተናገደች እንግዳ። ልጇን ግን እምብዛም አላገኘችውም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሃቸው ያለፍካቸው ሦስት ነገሮች አሉ። እኔን የያዙኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛው፣ «እናቴ ፒዛ አልበላም ብላ አስቸገረችን፣ ሁሌ ዳቦና ፍራፍሬ» ያልከው ነው። ወንድሜ፣ ነሐሴ 4 እኮ ፍልሰታ ነው! እናትህ እየጾመች ነበር። ምናልባትም እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ሮም መንገድ ዳር ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ቀን ከሌት የሚፈስባቸው ቧንቧዎች አሏት። ልጆችህ በየደቂቃው ጠርሙሳቸውን ሲሞሉ እሷ ቆማ ታይ ነበር ማለት ነው። በነሐሴ የሮም ፀሐይ፣ ኮሎሲየም ውስጥ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ። ለነገሩ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢም የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ጾም ላይ መሆኗን ብታስብ ኖሮ መላው ቀላል ነበር። ግን እንዳታስብ ያደረገህ ክፋት አይደለም። 9 ዓመት ነው። የእናትን ጾም ሰው የሚያስታውሰው አብሮ ሲኖር ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ደክሞሻል ወይ ብዬ በየቀኑ ጠይቄያታለሁ» ብለሃል። እስቲ ይህንን እንየው። ልጇ ገንዘቡን አፍስሶ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቷል። ቆሞ ሰዓቱን እያየ «ደክሞሻል እንዴ?» ይላታል። አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ አላት? አንድ። «ኧረ ምንም አልሆንኩም!» ይሉኝታ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ከጉልበት ሕመም ይበረታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄ አትጠይቀው። ምርጫ ስጠው። «እዚህ ጥላ ስር እንቀመጥ ወይስ ወደ ቤት እንመለስ?» ይባላል። ከሁለቱ የቱንም ብትመርጥ የልጇን ፕሮግራም ያበላሸች አይመስላትም። ካልሆነም «እኔ ደክሞኛል፣ ትንሽ እንቀመጥ» በል። ለአንተ ስትል ትቀመጣለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ጫማዋን ታወልቃለች።

ሁለተኛው ነገር ጉልላቱ ነው። «ሊፍት አለ ብዬ ወሰድኳት፤ ለካ ከሊፍቱ በኋላ ሌላ 320 ደረጃ አለ። እሷ ጣሪያው ላይ ቀረች። ልጄም እኔም አልወጣም ብላ አብራት ቀረች። ያን ያህል ከፍዬ ጉልላቱን ሳታይ ተመለሰች» ብለሃል። በቅሬታ ነው የጻፍከው። ቀጥሎ ግን አንድ መስመር አለች፦ «ስንወርድ እናቴ ለልጅቷ ሹሩባ ስትሠራላት ደረስን።»

እዚህ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ቀኑን ሙሉ ከስልኳ ዓይኗን የማታነሳ ያልካት ልጅ፣ የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ራሷን አያቷ ጉልበት ላይ አስደግፋ ፀጉሯን እያሠራች! ከስድስቱ ቀን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምን አይተሃል? ያ ጉልበት እንደሚያማትም ያወቀችው እዚያ ይመስለኛል። ስለዚህ በማግስቱ ደረጃው ላይ ስትጮህብህ ባለጌ ሆና አይደለም። ከመካከላችሁ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። አጯጯኋ ተገቢ ነበር አልልህም። ግን ለአያቷ ጠበቃ የቆመች ልጅ አለችህ፤ በዚህ ብትኮራ አይበዛባትም።

እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳንኤል ካህነማን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ነገር አለ። ሰው አንድን ነገር በኋላ ሲያስታውስ ርዝመቱን ብዙም አይቆጥርም። የሚይዘው በጣም የጠነከረውን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው። ለልጅህ ትልቁ ቅጽበት ጣሪያው ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ከፊሽካው በኋላ የመጣው ኩርፊያ። አንተ በኤክሴል የሞላኸው ሌላው ሁሉ ምናልባት ከአሁኑ ደብዝዟል። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ልጆቼን ላሊበላ ወስጄ 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን አዞርኳቸው። ትንሹ እስከ ዛሬ የሚያወራው በር ላይ ስላየው አህያ ነው።

ድካም ደግሞ የእናትህ ብቻ አልነበረም። የቫቲካን ሙዚየም ኮሪደሮች ቢደመሩ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ቦስተን፣ ሙዚየም ውስጥ ይሠራ የነበረ ቤንጃሚን ጊልማን የሚባል ሰው «የሙዚየም ድካም» ብሎ ጽፎለታል። ሰው እያጎነበሰና እየተንጠራራ ሲያይ ይውልና፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ቢከፈትም ማየቱን ያቆማል። የ8 ዓመቱ ልጅህ ሲስቲን ጸሎት ቤት ወለል ላይ ሲያለቅስ ያልገባህ ይኼ ነው።

ሚስትህ ይህን ሁሉ አይታለች። በሦስተኛው ቀን ማታ «እማዬ ደክሟታል፣ ነገ እንረፍ» ስትልህ «ትኬቱ ተገዝቷል» አልካት። የተገዛው ትኬት ብትሄዱም ባትሄዱም ብሩ አንድ ጊዜ ሄዷል፤ የቀረው የሰው ጉልበት ነበር። አሁን ምክንያት አትደርድርላት። «ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም» በላት፤ ከዚያ ዝም በል። «ግን» የምትል ቃል ከኋላ ካስከተልክ ሁሉም ገደል ገባ።

ለልጅህም ይቅርታ ጠይቃት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ አንተ ከነሱ አትሁን። እሷም ለጩኸቷ ይቅርታ እንድትልህ አትጠብቅ። ትልህ ይሆናል፤ በራሷ ጊዜ።

ያን ሁሉ ለምን እንዳደረግክ ደግሞ የማውቀው ይመስለኛል። የ9 ዓመት አለመኖርህን በስድስት ቀን ልትከፍል ነበር። በየቦታው ፎቶ ስታነሳት ደረሰኝ እየቆረጥክ ነበር። እሷ ግን ዕዳውን ጠይቃህ አታውቅም። እንዲያውም በስድስቱ ቀን የጠየቀችህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስተኛው ያልኩህ ይኼ ነው።

«የአክሱም ሐውልት የቆመበትን አሳየኝ» አለችህ። አንተም «አሁን እኮ ባዶ ነው፣ ምን ይታያል?» ብለህ ወደ ትሬቪ ወሰድካት። እውነት ነው፣ ሐውልቱ አሁን እዚያ የለም። ሐውልቱ በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ ከቆመ በኋላ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። ቦታው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ከኮሎሲየም በሜትሮ አንድ ፌርማታ ብቻ! ኮሎሲየም ለመግባት በር ላይ በተሰለፋችሁበት ጊዜ ሁለቴ ደርሳችሁ ትመለሱ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስትደውልላት «እንዴት ነሽ» ብለህ አትጀምር፤ «ደህና ነኝ» ይመጣል። መጀመሪያ «በዚያ ደረጃ ላይ ጮህኩብሽ፤ ይቅር በይኝ እማዬ» በላት። «ኧረ ተው፣ ምን አደረግክ» ትልሃለች፤ አትተው። ከዚያ ስልኩን ለልጅህ ስጣት፤ የጣሪያውን ፎቶ ይዛ ከሆነ ትላክላት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያንን ባዶ ቦታ ለምን ማየት እንደፈለገች ጠይቃት። እያቋረጠች ብትናገር አትቸኩል፣ ሰዓትም አትይ። መልሷን ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም ጓጉቻለሁ።