ሰንጢህን ያበላሸው ያልደረቀው ወይራ ነው

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አንድ ወንድማችን የታጣፊ ሰንጢውን የፕላስቲክ እጀታ አውልቆ በወይራ ተካው። እንጨቱን ከግቢያቸው ዛፍ ቆርጦ፣ ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሠራው። መጀመሪያ አምሮበት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ስለቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ብሎኑን ሲያጠብቀው ደግሞ አልከፈት ይላል። በእንጨቱና እንጨቱ በተጣበቀበት ስስ ብረት፣ በላሜራው፣ መሃል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ስለታየው ሰፈሩ ላለ ጠጋኝ ሰጠው፤ ጠጋኙም ሱፐር ግሉ አፈሰሰበት። አሁን መቆለፊያው ሳይቀር እየከዳው ነው። «ብሎኑን ልቀይር ወይስ ሮንዴላውን?» ይላል።

ሁለቱንም ተወው፣ ወንድሜ። ያ ክፍተት ነገሩን ተናግሯል። እንጨትህ አልደረቀም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እርጥብ እንጨት ውኃ የሚይዘው በሁለት መልኩ ነው። አንዱ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ቱቦዎች የቆመው ነው። እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይቀንስም። ሌላው የቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ የሰረጸው ነው። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይሄኛው መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም የሚኮማተረው ያኔ ነው። በሦስት ሳምንት ቀሎ ያገኘኸው ወይራ መኮማተሩን ገና አልጨረሰም ማለት ነው። ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በርዝመቱ ከቁጥር አይገባም። በወርዱ ግን ከመቶ አምስት እጅ እና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። እጀታህ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይጠባል። ብረቱ አይጠብም። እንጨቱ ሲጎብጥ የተጣበቀበትን ስስ ላሜራም ይዞት ይጎብጣል። መቆለፊያህ ደግሞ ከዚያው ላሜራ ተቆርጦ የወጣ ምላስ ነው። ላሜራው ሲጣመም ምላሱ የስለቱን ተረከዝ በጠርዙ ብቻ ይነካና ያዳልጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ብሎን ከመንካትህ በፊት ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ጠቅልል። መቆለፊያው የከዳ ሰንጢ ጣት ላይ ነው የሚታጠፈው።

ለብሎኑ ልኩ የሆነ ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ያዝ፤ ብዙ ጊዜ ቲ6 ወይም ቲ8 ነው። ርካሽ ሰንጢዎች ላይ የሚገጥሙት ብሎን እንደ አይብ የለሰለሰ ስለሆነ፣ ትንሽ ካንሸራተትክ ጭንቅላቱ ይላጣል። እምቢ ካለህ የመበየጃ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ አስነካውና ሞክር። ሱፐር ግሉውን በአሴቶን አርጥበህ ፋቀው። ለዚህ ሥራ ሱፐር ግሉ የሚያፈስ ሰው ያናድደኛል፤ ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፣ አንዴ ሲወድቅ ይላቀቃል።

ላሜራዎቹን የመስኮት መስታወት ላይ አስተኛቸው። ወረቀት ከሥሩ ሾልኮ ከገባ ጎብጧል። በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ መሃል አድርገህ በሞርሳ ቀስ እያልክ አቅናው። መዶሻ አታስጠጋ። ሮንዴላዎቹን አጽዳና በየጎኑ አንድ አንድ መልስ።

ለአዲሱ እጀታ ያረጀ የወይራ ዘነዘና ብታገኝ ወርቅ ነው፤ ለዓመታት ደርቋል። ካጣህ ያለህን እንጨት በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሰንጥቀህ ጫፎቹን በሰም ሸፍን። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ያኔ ደርቋል። ላሜራውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ በአሴቶን ጥረግ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ ቀብተህ 24 ሰዓት ተወው። ሲጣበቅ ሞርሳውን አታክርረው፤ ማጣበቂያው ተጨምቆ ያልቃል።

ከገጠምከው በኋላ ፕላስተሩን ገና አታንሳ። ስለቱ እንደተጠቀለለ ክፈተውና ጀርባውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለህ ተጫነው። ጣትህ ስለቱ በሚታጠፍበት በኩል አይሁን። ምላሱ ተረከዙን በሙሉ ወርዱ ከያዘ ጨርሰሃል። ካዳለጠ ፍታው፣ ምላሱን ወደ ስለቱ በኩል ጥቂት ጎንበስ አድርገው፣ እንደገና ሞክር። ያኔም ካልያዘ ፕላስተሩ እንዳለ ይቆይ፤ ለሥራ እንዳታወጣው።