ጡት፣ ጡጦና ማስታወቂያ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ አሁን የምሠራው አራሶችን በማማክርበት ክፍል ነው። ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ዱቄት ወተትና ስለ ሻጮቹ የሚያከራክራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ። ትኩሳት ያለው፣ መጥባት ያቆመ ወይም የደከመ ጨቅላ በቤታችሁ ካለ ግን ይህን ማንበብ ትታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። የዱቄት ወተት ጎጂ ነው ወይስ አይደለም?

ጎጂ ቢሆን ኖሮ እናቱ በወሊድ ለሞተችበት ሕፃን አይታዘዝም ነበር። በሥርዓት የተመረተና በንጹሕ ውሃ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ልጅ ያሳድጋል። ከእናት ወተት እኩል ነው ለሚለኝ ግን እጄን አልሰጥም፤ የእናትየዋን የበሽታ መከላከያ በዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ውስጥ አታገኙትም፣ ውሃው ከቆሸሸም ተቅማጥ ከጡጦው ጋር ይመጣል። ፋብሪካም ይሳሳታል፣ ያጭበረብራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት ወተት 6 ሕፃናት ገድሎ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉትን አሳመመ። በ2003 ደግሞ በእስራኤል ቫይታሚን ቢ1 የጎደለው የሶያ ወተት ሕፃናትን ቀጠፈ። ቆርቆሮ የገዛችን እናት ለማስደንገጥ ብዬ አላነሳሁትም። እኔን የሚያናድደኝ አሻሻጡ ነው፤ ከዚያም በላይ «ጡት ብቻ አጥቢ» ብለን መክረን ዞር የምንለው እኛ ባለሙያዎቹ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ ለጨቅላው ቅቤ አልሰን፣ ውሃ በስኳር ሰጥተን፣ እንገሩን አልበን ደፍተን ስምንት ልጅ አሳደግን። አሁን ምን መጣ?

እናቴ፣ ስምንት ማሳደግዎ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹ ያደጉት ግን በጡትዎና በጉልበትዎ እንጂ በቅቤው አይመስለኝም። ቅቤውና ስኳሩ የጨቅላውን ሆድ ሞልተው ከጡት ያዘገዩታል፤ ንጽሕናቸውም አያስተማምንም። እንገር ደግሞ ቢጫና ወፍራም ሆኖ በጥቂቱ የሚወጣው የጨቅላው ሆድ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የሞላበት የመጀመሪያ ክትባቱ በሉት። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ስድስት ወር እስኪሞላው ውሃም አያስፈልገውም፤ በቆላም ቢሆን። እርስዎ ምራትዎን አጥሚት ያጠጡልኝ፣ ገንፎውን ያግንፉልኝ፣ እንግዳውን ይመልሱልኝ። የእርስዎን ያህል የምትሰማው ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ወተቴ አልበቃ ብሏል። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ ጡቴም እንደ መጀመሪያው ሳምንት አይወጥርም። ሁሉም «ወተትሽ ቀጥኗል፣ ቆርቆሮ ጀምሪ» ይሉኛል።

ከመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ይኸው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ።

የጡት ወተት የሚመረተው ሕፃኑ በጠባው ልክ ነው። ብዙ ሲጠባ ብዙ ይመጣል፤ ሳይጠባ ሲቀር ሰውነት «አልተፈለገም» ብሎ ይቀንሳል። አሁን ሰዎቹ የሚሉሽን እንይ። አንድ ጡጦ ሰጠሽው፤ ጠግቦ ሦስት ሰዓት ተኛ። ጡትሽ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት አልተጠባም፤ ነገ ትንሽ ያነሰ ወተት ይሠራል። ነገ ማታ ልጁ እንደገና ያለቅሳል፤ አሁን ሁለት ጡጦ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወተትሽ እውነትም አልበቃ ይላል፤ ጎረቤትሽም «ብዬሽ ነበር» ትላለች።

ማልቀስ ብቻውን የረሃብ ምስክር አይደለም። ጡት አለመወጠሩም ደግ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰውነት ልኩን ያውቅና ውጥረቱ ይቀራል። ማየት ያለብሽ ሌላ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሽንት ያረጥባል? በሁለት ሳምንት አካባቢ የተወለደበትን ክብደት መልሶ ይዟል? በ24 ሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠባል፣ ሲውጥስ ይሰማሻል? ከሆነ ወተትሽ በቂ ነው፤ ሌሊቱ ግን ከባድ መሆኑን አልክድም። ካልሆነ ዛሬውኑ ይመዘን፣ አጠባቡም በሙያተኛ ይታይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፤ አፉ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ዙሪያ ጭምር መያዝ አለበት። ጫፉን ብቻ ሲይዝ አንቺን ይሰነጥቅሻል፣ እሱም ወተት አያገኝም።

ደግሞም በእውነት ወተት የሚያጥራቸው እናቶች አሉ። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳቸው፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ የቀረባቸው፣ የታይሮይድ ችግር ያለባቸው፣ ጡታቸው ቀዶ ጥገና ያየ። ለእነርሱ «ጠንክሪ» ማለት ጭካኔ ነው። ሕክምናው ይታያል፣ ያለው ይጠባል፣ የጎደለው በዱቄት ወተት ይሞላል።

ጥያቄ፦ አብሽ ወተት ያወርዳል?

አብሽ የተጨመረበት ሙቅ የምትወድ እናት ትጠጣ፤ ምግብ ነው፣ ፈሳሽም ነው። ተአምር ግን አትጠብቂ። የስኳር በሽታ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያለሽ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ዕቃውን ማስተዋወቁ መብቱ ነው። ሰው አስገድደው አልሸጡ፤ ለምን ትጮኻላችሁ?

ወንድሜ፣ ቆርቆሮው ከሱቅ ይውጣ ያለ የለም። ታሪኩን ላሳጥርልህ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያም በፊት ኩባንያዎች በአፍሪካና በእስያ እንደ ነርስ ነጭ ልብስ የለበሱ ሻጮችን ወደ ማዋለጃ ክፍሎች ይልኩ ነበር። እናት ነጻ ናሙና ተሰጥቷት ወደ ቤት ትሄዳለች። ከላይ ያልኩትን አስታውስ፤ ናሙናው እስኪያልቅ ጡቷ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ መግዛት ግዴታ ነው። አቅም ያጣችው ዱቄቱን በውሃ ታቀጥነዋለች፤ ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። በዚህ የተነሳ በ1977 በአሜሪካ፣ ዱቄት ወተት በሚሸጠው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በኔስሌ ላይ የተጀመረው ያለመግዛት አድማ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ግብይት የሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች።

ደንቡ ሽያጭን አይከለክልም። የሚከለክለው ለሕዝብ ማስታወቂያ መሥራትን፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና ማደልን፣ ባለሙያን በስጦታ መያዝን፣ ቆርቆሮው ላይ የሚያሳሳ የሕፃን ሥዕል መለጠፍን ነው። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕፃናት ዱቄት ወተትን ማስተዋወቅ ይከለክላል። በእናቶች ስልክ ውስጥ በሌሊት የምትመጣው ፈገግተኛ «አማካሪ» ግን አዋጅ አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረጉት በስምንት አገሮች የተሠራ ጥናት፣ ከተጠየቁት ወላጆችና ነፍሰ ጡሮች 51 በመቶው የዱቄት ወተት ግብይት እንደደረሳቸው ተናግረዋል። ማስገደድ የለም ትላለህ፤ ሰው በሦስተኛው ሌሊት ያለ እንቅልፍ ሆኖ የሚፈርመው ነገር ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ባለቤትህን ጠይቃት።

ጥያቄ፦ ልጄ ዓመት ሊሞላው ነው። ቁጥር 3 የተጻፈበትን ዱቄት ወተት ልግዛ?

አያስፈልገውም። ከዓመት በኋላ ተራ ወተትና የቤት ምግብ ይበቃዋል፤ ጡትም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥል። 1፣ 2፣ 3 እያሉ አንድ መልክ ያለው ቆርቆሮ የሚደረድሩት የጨቅላውን ወተት ማስተዋወቅ በተከለከለበት አገር የትልልቁን ልጅ እያስተዋወቁ ስሙን እንዲያስታውሱላቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ። ኩባንያ ሥልጠና ቢደግፍልን ምን ክፋት አለው? ማንንም ቆርቆሮ ግዢ ብዬ አላውቅም።

ዶክተር፣ ኩባንያው ገንዘቡን የሚያወጣው እርስዎ «ግዢ» እንዲሉ ላይሆን ይችላል። ወተቷ አልበቃ ያለ እናት ስትመጣ ዝም ብለው የዱቄት ወተቱን ስም እንዲጽፉላት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንዲህ ያለውን ስፖንሰርነት አይፈቅድም። ምሳችንን ራሳችን እንክፈል።

ጥያቄ፦ በግል ድርጅት እሠራለሁ። ሦስት ወር ሲሞላው ሥራ ልገባ ነው። ስድስት ወር ጡት ብቻ የሚባለው ለማን ነው?

ለአንቺ ነው የተባለው፤ ሕጉ ግን ከአንቺ ጋር አልተማከረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ምክሩ 180 ቀን ነው። በመካከሉ ያለው 90 ቀን ለቆርቆሮ ሻጭ የተተወ መሬት ነው፤ እኔ ስለ ማስታወቂያ ስጮህ የኖርኩትን ያህል ስለዚህ ብጮህ በወደድኩ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዛል፤ በቤት ሠራተኝነት ለምትኖረውና መንገድ ዳር ለምትቸረችረው እናት ግን ይህ ሁሉ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ 58 መድረሱ ይገርመኛል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ በእጅሽ ማለብ ተለማመጂ፤ ማሽን የግድ አይደለም። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሞግዚቷ በንጹሕ ሲኒ ትስጠው፤ ከጡጦ ይልቅ ሲኒ ለማጠብ ይቀላል። ሥራ ቦታም ሁለት ጊዜ እለቢ፤ አለቃሽን ቀድመሽ አነጋግሪ። ሌሊት አጥቢው። እንዲህም ሆኖ ካልሞላ አንድ ጡጦ ዱቄት ወተት ጨምረሽ የቀረውን ጡት ቀጥይ። «ወይ ሁሉም ወይ ምንም» ያለሽ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። እዚህ አጥቢ አሉኝ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ አታጥቢ ተብላ ነበር። ማንን ልመን?

ሁለታችሁም የተመከራችሁት ባላችሁበት አገር ልክ ነው። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የምትወስድ እናት ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ ጀምራ ቢያንስ እስከ 12 ወር እንድታጠባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ለብዙ ቤተሰብ የቆሸሸ ውሃ ከቫይረሱ ይልቅ ይፈራል። ንጹሕ ውሃና ዱቄት ወተት እንደ ልብ በሚገኝበት አሜሪካ ለዓመታት አይመከርም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግን ቫይረሷ የተገታ እናት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ እንድትወስን ይደገፋል። አደጋው በጣም አነስተኛ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። መድኃኒትሽን አታቋርጪ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። በቀዶ ጥገና ወለድኩ፤ እናቴ ቪዛ ተከለከለች፤ ባለቤቴ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ገባ። ጡቴ ተሰንጥቋል። ማልቀስ አላቆምኩም።

እህቴ፣ አገር ቤት ብትሆኚ እስከ ክርስትናው ድረስ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ አራስ ቤት ተቀምጠሽ ሰው በተራ ይገባልሽ ነበር። እዚያ ያጣሽው ይህን ነው፤ ድክመት አይደለም። ዛሬ ሦስት ነገር አድርጊ። የሆስፒታሉን የጡት ማጥባት አማካሪ ጥሪና አያያዙን ታስተካክልልሽ። አብዛኛው የጤና መድን የወተት ማለቢያ ማሽን የመሸፈን ግዴታ አለበት፤ መድንሽን ጠይቂ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ዊክ የተባለው ፕሮግራም የምግብ ድጋፍና አጥብተው የሚያውቁ እናቶችን ምክር ይሰጣል። ልቅሶው ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ራስሽን አልያም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሰዓት ሳትጠብቂ ሐኪም አነጋግሪ፤ የድህረ ወሊድ ድባቴ ይታከማል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ እህቶችንም አጥሚት አምጡልኝ ለማለት አትፈሪ።

ጥያቄ፦ ዱቄት ወተት ለመስጠት ወስነናል። እንዴት እናዘጋጅ?

እጅና ዕቃ ይታጠብ፣ ጡጦው ይቀቀል። ውሃው ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይጨመር፤ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለምና። በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ሳይቀጥን ሳይወፍር። ቀዝቅዞ ይሰጥ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋ። ከብት ወተት ከዓመት በፊት አይተካውም።

ጥያቄ፦ ለተፈናቃዮች መጠለያ ዱቄት ወተትና ጡጦ ሰብስበን ልንልክ ነው። ትደግፊናለሽ?

ልባችሁን እደግፋለሁ፣ ጭነቱን ግን አትላኩት። ንጹሕ ውሃና ማገዶ በሌለበት በጅምላ የሚታደል ዱቄት ወተት የሚያጠቡትን እናቶች ጭምር ጡት ያስጥላል። በገንዘቡ ለሚያጠቡ እናቶች ምግብ፣ ሳሙናና ከሰው ዓይን ተከልለው የሚያጠቡበት መጋረጃ ግዙ። እናት የሌላቸው ሕፃናት ካሉ በመጠለያው ያሉት የጤና ሠራተኞች ይመዝግቧቸው፤ ለእነርሱ ወተቱ ከውሃው፣ ከማገዶውና ከሲኒው ጋር አብሮ ይቅረብ።