«ልጅ ልትድሪ ነው ወይስ ልትዳሪ?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። 47 ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ጥቁር ለብሼ ከረምኩ። ጥቁሩን አውልቄ ቁም ሳጥኔን ብከፍት አንዱም ልብስ አልገባ አለኝ። ክብደቴ ብዙም አልጨመረም፤ ወገቤ ግን ጠፍቷል። ባለፈው ሚያዝያ የባለቤቴ ወንድም ልጅ ስታገባ ደፈር ብዬ አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ገዛሁ። ከጥቁር በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ርዝመቱ ከጉልበት በታች ነው፤ እጅጌውም ክርኔን ያልፋል። መልስ ላይ የባለቤቴ ታላቅ እህት ሰው በተሰበሰበበት «ምነው፣ ልጅ ልትድሪ ነው ወይስ ልትዳሪ?» አሉኝ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ። ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ ነው ያመሸሁት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልብስ መምረጥ ራሱ ፈተና ሆኖብኛል። ሱቅ ስገባ ያለው ወይ ልጄ የምትለብሰው ነው፣ ወይ አያቴ የምትለብሰው። በእልህ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ብገዛ፣ ሃያ ዓመት የሞላት ልጄ «እማዬ፣ ጓደኞቼ ባሉበት ይሄን አትልበሺ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቀመጥ ጉልበቴን በቦርሳዬ እሸፍናለሁ። ባለቤቴ «ለልብስ የምን ለቅሶ ነው» ይላል። ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ታገባለች፤ ካሁኑ ጨንቆኛል። የወይን ጠጁን ቀሚስ ለታናሽ እህቴ ልሰጣት አስቤያለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ምን ብትለብስ ነው የሚያምርባት? ወይስ ችግሬ ሌላ ነው?

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣ ቀሚሱ ምንም አላጠፋም። ከጉልበት የወረደ፣ እጅጌው ክርን ያለፈ የወይን ጠጅ ቀሚስ በየትኛውም የአዲስ አበባ ሠርግ አንገት የሚያስደፋ ልብስ አይደለም። እርስዎም ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል፤ አለበለዚያ «ወይስ ችግሬ ሌላ ነው?» ብለው ባልጨረሱ።

አንድ የራሴን ላውራዎት። 44 ዓመቴ እያለ መገናኛ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ «ማዘር፣ ጠጋ በይ» አለኝ። የምትጠጋውን ማዘር ፍለጋ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሦስት ልብስ ከቁም ሳጥኔ አውጥቼ ለሰው ሰጠሁ። ልጁ እኮ ስለ ልብሴ አንድ ቃል አልተናገረም! ከሦስቱ አንዷ አረንጓዴ ሹራብ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው ጥቁሩ ላይ ነው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት መስታወት ፊት ብዙ አትቆምም። ሁለት ጥቁር ቀሚስና አንድ ጥቁር ሹራብ እያፈራረቀች ዓመቱን ትገፋዋለች። ሰውም ስለ አለባበሷ አይናገራትም፤ ጥቁር ከአስተያየት ይከልላል። ልማዱን አልነቅፍም፤ ላዘነ ሰው ደግ ነገር ነው። የእርስዎ የሐዘን ዓመት ግን ከሌላ ነገር ጋር ገጠመ። ለአብዛኞቹ ሴቶች የወር አበባ የሚቋረጠው ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ቢሆንም፣ ለውጡ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው የሚጀምረው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየቀነሰ ሲሄድ ቀድሞ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ሚዛኑ ያው ሆኖ ዚፑ አልዘጋ የሚለው ለዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ለውጡን ቀስ በቀስ ያዩት ነበር፤ ዘንድሮ አንዱ ቀሚስ ጠበበ፣ ከርሞ ሌላው እያሉ። እርስዎ ግን በአንድ ጥቁር ቀሚስ ገብተው ዓመት ቆይተው ሲወጡ ነው የማያውቁትን ወገብ ያገኙት።

በዚያ ላይ እናት ስትሞት ከሴት ልጅ ፊት የቆመው ሰው ይነሣል። ትናንት «የእከሊት ልጅ» ነበሩ፤ ዛሬ የቤተሰቡ ትልቅ ሴት እርስዎ ነዎት። ይህን ማንም አስቀምጦ አይነግርም። ሱቅ ውስጥ፣ በልጅዎ ልብስና በአያትዎ ልብስ መሐል ቆመው ነው የደረሱበት።

እንግዲህ ከጥቁር በኋላ የለበሱት የመጀመሪያው ቀለም ያ ቀሚስ ነበር። ዋርሳዎ የቀለዱት በቀሚሱ ነው፤ ቃሉ ያረፈው ግን ከሐዘን ለመውጣት በደፈሩበት ቦታ ላይ ነው። እርስዎም የመለሱት በሐዘን ወግ ነው፤ ነጠላን እስከ አገጭ ተከናንቦ አንገት ደፍቶ መቀመጥ የለቅሶ ቤት አቀማመጥ ነው። በመልስ ግብዣ መሐል ለቅሶ ተቀመጡ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ አየኝ ብለው እንዳልቀሩ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጊሎቪች የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት፣ ለብሰውት ቢታዩ የሚያፍሩበት ቲሸርት እያለበሱ፣ ሌሎች ተማሪዎች ወደ ተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ የማን ፎቶ እንደሆነ ያስተዋሉ መሰላቸው። ያስተዋሉት ግን ሩብ ያህል ብቻ ነበሩ። እርግጥ የእኛ ሠርግ የዩኒቨርሲቲ ክፍል አይደለም። በእኛ ሠርግ ሰው ያያል፤ ግማሹ የሚመጣው ለማየት ነው፤ ዋርሳዎ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ ከሩቡ ውስጥ ናቸው። ቢሆንም በዚያ ጠረጴዛ የነበሩትን ዛሬ ጠርተው ስለዚያ ቀን ቢጠይቋቸው የሚያወሩልዎት ስለ ክትፎው ነው።

ዋርሳዎን ሳላገኛቸው ልመረምራቸው አልችልም። ከእርሳቸው ዘመን ሴቶች ብዙዎቹ ልጅ ሲያድግ ቀለም ያለውን ልብስ አጥፈው ሳጥን ውስጥ ማስገባት እንደ ጨዋነት ተነግሯቸው ያደጉ ናቸው። ያጠፈ ሰው ያላጠፈ ሲያይ አንድ ነገር ይለዋል። ለጥር ካሰቡ፣ እንዲህ ያለ ቀልድ በክርክር አይመለስም፤ በቀልድ ነው የሚመለሰው። «ልዳር ነው እትዬ፣ ለዚያው ለወንድምዎ!» ቢሏቸው ጠረጴዛው እንደገና ይስቃል፤ የዚህኛው ሳቅ ባለቤት ግን እርስዎ ይሆናሉ።

የባለቤትዎ ሳቅ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ «ባለቤቴም ሳቀ» የምትለዋ ሁለት ቃል ብቻዋን ቆማለች። ስለ ቀሚሱ ርዝመት፣ ስለ እጅጌው፣ ስለ ቀለሙ በዝርዝር ጽፈው እሷ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው አለፉ።

«ጥሩ ለብሰሽ ውጪ፣ መንፈስሽ ይታደሳል» የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምተው ይሆናል። ሳይንስ አለው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ተመራማሪዎች የሐኪም ነው የተባለ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ትኩረታቸው እንደሚጨምር ጽፈው በዓለም ዙሪያ ተወርቶላቸው ነበር። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የጥናቱን የመጀመሪያ ሙከራ በብዙ ሰው ላይ ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። ልብስ ደስ ያሰኛል፤ ያ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ባል ሰው ፊት ሲስቅብዎ ለተሰማዎት ብቸኝነት መድኃኒት ግን ቦሌ ካሉት ሱቆች አንዱም አይሸጥልዎትም፤ የዚህ መፍትሔ መነጋገር ነው።

ልጆቹ ተኝተው፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ሁለታችሁም ሳትጣደፉ ያንሡት። «አንተ ሁልጊዜ» ብለው አይጀምሩ፤ የዚያን ቀኑን ብቻ ይናገሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «እትዬ የተናገሩትን ትቼዋለሁ። አንተ ስትስቅ ግን ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ መጀመሪያ የለበስኩት ልብስ ነበር።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ቀልድ እኮ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ቀልድ ነው አይደለም እያላችሁ አትከራከሩ፤ «አውቃለሁ፣ ቀልድ ነው፤ እኔ የማወራህ ስለ ቀልዱ አይደለም» ብለው ወደ ነገርዎ ይመለሱ። ምናልባት የሳቁት ከታላቅ እህታቸው ፊት ሌላ መልክ ስለማያውቁበት ይሆናል። የሃምሳ ዓመት ወንድ እህቱ ስትናገር አሥር ዓመቱ የሚሆንበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ሰምተው ዝም ካሉም አይጨነቁ፤ አንዳንዱ ባል መልሱን የሚሰጠው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም በሌላ ነገር። ነገር ግን ሰው ፊት ማዋረድ ልማዳቸው ከሆነ፣ ይህኛው ሳቅ ከብዙዎቹ አንዱ ከሆነ፣ ለዚህ ይህ ደብዳቤ አይበቃም፤ ሁለታችሁም ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ይሻላል።

በጂንሱ ጉዳይ ለልጅዎ አደላለሁ። ዕድሜዎ አይደለም ምክንያቴ፤ ጉልበትዎን በቦርሳ እንደሚሸፍኑ ራስዎ ነግረውኛል። «እማዬ፣ አትልበሺ» ያለችውን በዋርሳዎ ንግግር ላይ አይደምሩት። በሃያ ዓመቷ ያለች ልጅ እናቷ እናት ሆና እንድትቀመጥላት ትፈልጋለች፤ አያቷን ቀብራ ብዙ ያልቆየች ልጅ ደግሞ ይበልጥ።

ወደ ልብሱ ልመለስ። ዕድሜ የሚባለው ነገር ለአገር ልብሳችን ብዙም አይገባውም። ሽሮ ሜዳ ቢወጡ ያው ነጭ ሸማ ለሙሽራም ለአያትም ይሰፋል፤ የሚለያየው የጥበቡ ስፋት፣ የቀለሙ ድምቀት፣ የወገቡ መጥበቅና መስፋት ነው። እኔም ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው መለኪያ የዕድሜ አይደለም፣ የእጅ ነው። ልብሱን ለብሰው በርጩማ ላይ ቁጭ ይበሉ። ቡና እንደሚቀዱ ጎንበስ፣ ታክሲ እንደሚሳፈሩ እግርዎን ከፍ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ እንደሚያወርዱ እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ። በዚህ ሁሉ መሐል እጅዎ ሊጎትት፣ ሊሸፍን፣ ሊያስተካክል ስንቴ ሄደ? ሦስቴ ከሄደ ያ ልብስ የእርስዎ አይደለም፤ ለሃያ ዓመት ልጅም አይሆናትም። አንዴም ካልሄደ ቢጫም ይሁን ቀይ ይግዙት።

ሱቅ ሲገቡ ልጅዎንም እህትዎንም ይዘው አይሂዱ፤ ሁለት ዳኛ ይዞ ልብስ አይለካም። የልብሱን ቁጥር አይመኑት፤ የቻይናው ኤክስ ኤል ከቱርኩ ኤል የሚጠብበት ጊዜ አለና ስለ ሰውነትዎ የሚነግርዎት ነገር የለም። ትከሻው ልክዎ የሆነውን ይምረጡ፤ ወገብና ርዝመት ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ትከሻ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንለትም። ከቀሚስ በፊት ጡት መያዣ ይቀይሩ። ይህን ለማንም ስናገር ይስቃሉ፣ ከዚያ ገዝተው መጥተው ያመሰግኑኛል። ድንገት የሚመጣ ሙቀት ጀምሮዎት ከሆነ ፖሊስተሩን ትተው ጥጥ ያለበትን ይፈልጉ፤ ከላይ ደግሞ ሰው ሳያይ ወለቅ የሚደረግ ነገር ይደርቡ። ሙቀቱ እንቅልፍ የሚነሣዎት ወይም የወር አበባው ከልክ በላይ የሚበዛ ከሆነ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሕክምና አለው። አልገባ ያሉትን ልብሶች ዛሬውኑ ይጣሉ አልልዎትም፤ ያቺን አረንጓዴ ሹራቤን ያስታውሱ። ከፊት ለፊት ብቻ ያንሷቸው፤ ጠዋት በር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት ነገር የሚገባዎት ልብስ ይሁን።

ለጥር የአገር ልብስ ካሰቡ ካሁኑ ሽሮ ሜዳ ይውጡ። የሠርግ ወር ሲቃረብ ሸማኔውም ሰፊውም ይጨናነቃል፤ በጥድፊያ የተሰፋ ቀሚስ ደግሞ ሁልጊዜ ብብቱ ላይ ይይዛል።

የወይን ጠጁን ቀሚስ ለእህትዎ አይስጧት። ወገቡ ጠቦዎት ከሆነ ገልብጠው የጎኑን ስፌት ይመልከቱ፤ ትርፍ ጨርቅ ካለው ሰፈርዎ ያለው ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ይለቅልዎታል።