መልስ፦ ለአሚሽ ምግብ ከዲሲ ደርሶ መልስ

"ከጓደኞቼ ጋር ከዲሲ ሄደን የአሚሽ ምግብ በልተን በቀኑ እንመለሳለን ወይ?" ላልሽው፣ በደንብ! አሚሾች መኪና ትተው በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ በድሮ አኗኗር የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ያሉበት ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እሁድ ግን እንዳትሄዱ፤ አሚሾች ሱቃቸውን ዘግተው ነው የሚውሉት። አርብ ደግሞ ጾም ነው፤ ያለ ቅቤ የሚሠሩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ቅዳሜ።

በጠዋት ከተማው ውስጥ ሴንትራል ማርኬት የሚባለው ገበያ ግቡ። ከዚያ በ340 መንገድ ወደ በርድ ኢን ሃንድ መንደር፤ የፈረስ ጋሪ ስታገኙ ቀስ በሉ። ለምሳ የዶሮ ፖት ፓይ እዘዙ። የእነሱ እንደ ሌላው በሊጥ የተከደነ አይደለም፤ አራት ማዕዘን የተቆረጠ ሊጥ ከዶሮና ድንች ጋር መረቁ ውስጥ ተቀቅሎ ነው የሚቀርበው። ሹፍላይ ፓይ የሚባለው የሞላሰስ (ከስኳር የሚገኝ ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ኬክ ታቹ እርጥብ፣ ላዩ ፍርፋሪ ነው። በጣም ስለሚጣፍጥ አንዱን ለሁለት ተካፈሉት፤ ቡናውን ከቤት በፔርሙስ ያዙ። ሰዎቹን ፎቶ አታንሱ፣ አይወዱም።